ሐጂ ሙህሲን ያጠበቡት በር

አርባምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሳላዲን ሙደሲር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ሳላ። እኔ ከንዴቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሸይማ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች?

ስልክህን ስላላነሳሁ ተቆጥተሃል አሉ። አውቄ ነው ያላነሳሁት፣ አፉ በለኝ። በስልክ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ካርዱ ያልቃል፣ የተባለ ነገር ግን የለም። ወረቀት ላይ እስክጨርስ ልታቋርጠኝ አትችልም። ደግሞስ የማተሚያ ቤት ልጆች ሆነን በወረቀት መነጋገር ካሳፈረን ማን ሊነጋገርበት ነው? ይህንን የሚያመጣልህ የማሽነኛችን የገነነ ወንድም ነው። ቡሉኮና ጋቢ ሊሸጥ ሽሮ ሜዳ ይመላለሳል። መልስህንም ለሱ ስጠው።

ወደ ነገሬ ልግባ። የላክከው የውክልና ወረቀት ደርሶኛል። አልፈርምም። «አስቤ እነግርሃለሁ» ልልህ ነበር፣ ግን አስቤ ጨርሻለሁ። አባባ ካለፉ ገና ዓመት አልሞላም፣ ቤቱ አይሸጥም፣ ማተሚያ ማሽኑም ለብረታ ብረት ገዢ አይሰጥም።

ለምን እንዲህ እንደተንጨረጨርኩ ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት ያ ገዢህ፣ አቶ ክብሩ የምትለው፣ መጣ። እንደምን ዋላችሁ የለ፣ ምን የለ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳ መለካት ጀመረ። ገነነ የዕድሩን ደረሰኝ እያተመ ነበር። አንተ ስትሄድ ጎረምሳ የነበረው ገነነ አሁን ፂሙ ሸብቷል፣ ማሽኑን ግን ከሱ ሌላ የሚያውቅበት የለም። ሰውዬው እየለካ እየለካ ማሽኑ ጋ ደረሰና፣

«ይሄ ዕቃ መቼ ነው የሚነሳው?» አለ።

ገነነ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ፣ «እርስዎ ሜትርዎን ሲያነሱ» አለው።

ሳቄን ለመደበቅ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሰውዬው ክርኑን የፊደል ሳጥኔ ላይ አስደግፎ «እንግዳ መቀበያው እዚህ ይሆናል» እያለ በስልክ ያወራል። ፔንሲዮን ሊያደርገው ነው ሳላ! አያታችን ባቆሙት ቤት ሰው በሰዓት ተከራይቶ ሊተኛበት!

ልጅ ሆነህ ስለሄድክ ረስተኸው ይሆናል። አያታችን ሐጂ ሙህሲን ማሽኑን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሲገዙት ሱቃቸው ጨንቻ ነበር። የመንግሥት ቢሮ ሁሉ ጠቅልሎ ወደ አርባምንጭ ሲወርድ፣ ደንበኛዬ ከወረደ እኔ ብርድ ላይ ምን እሠራለሁ አሉና ማሽኑን አስወረዱት። መኪና ያንን ቁልቁለት ከነብረቱ አልደፍርም ስላለ በሰው ትከሻ ነው የወረደው። የዶርዜ ሰዎች ግንድ ላይ አስረው ተሸከሙት፣ አንደኛው የገነነ አያት ነበሩ። እዚህ ባዶ መሬት ላይ አሳረፉት። አያታችን ግድግዳውን ያቆሙት ከዚያ በኋላ ነው፣ በማሽኑ ዙሪያ። አናጢው «በሩን ሰፋ ላድርገው ሐጂ?» ቢላቸው፣ «አንድ ሰው ከነወረቀቱ ካለፈበት ይበቃል» አሉት። አናጢው ለሳንቃ የሳሱ መስሎት ከተማውን ሁሉ አሳቀባቸው።

አብዮት መጣ። ማሽኑን ሊወርሱ ከነጭነት መኪናቸው መጡ። ቢያቆሙት አይወጣ፣ ቢያጋድሙት አይወጣ። ግድግዳውን እንዳያፈርሱ ቤቱንም ለቢሮ ፈልገውታል። አያታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ልጆቼ፣ ውሃ ላምጣላችሁ?» ይሏቸው ነበር አሉ። በመጨረሻ በሩን አሽገው ሄዱ። ቆይተው ደግሞ አባባን በገዛ ቤታቸው ደመወዝተኛ አድርገው ከፈቱት። አባባ የነሱን መፈክር ሲያትሙ ዓመታት አለፉ፣ መፈክሩም ባለመፈክሩም ሄዱ፣ ማሽኑ እዚያው ነው። ያን ጊዜ ነው አናጢው መጥቶ የአያታችንን ጉልበት የሳመው።

በዚህ ሁሉ ያልወጣ ማሽን በአቶ ክብሩ ሜትር አይወጣም።

አውቃለሁ፣ ሰሌዳችን ላይ የተጻፈው «ሐጂ ሙህሲንና ወንዶች ልጆቹ ማተሚያ ቤት» ነው። ወንዱማ አዲስ አበባ ነህ። አባባ አንተን ማሽን ላይ ሲያቆሙህ እኔን መጥረጊያ ነው ያስያዙኝ። ወለል ላይ የወደቀውን የብረት ፊደል እየለቀምኩ ሳጥኑ ውስጥ ወደየቤቱ ስመልስ ሙያው እጄ ገባ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳቋርጥም ሌላ ትምህርት ቤት አልፈለግኩም።

ሳትናደድ መልስልኝ። ብትናደድም መልስልኝ።

እህትህ ዙሁራ


አዲስ አበባ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዙሁራ፣

ወዐለይኩሙሰላም። ትንሿ ጥርስ አውጥታለች፣ መጀመሪያ የነከሰችውም እኔን ነው። በአንቺ ሳትወጣ አልቀረችም።

እንዳንቺ ረጅም መጻፍ አልችልም። አያታችንን እንዳንቺ እወዳቸዋለሁ። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። አሁን የሰርግ ካርድ በስልክ ነው የሚላከው። ቢሮውም ትምህርት ቤቱም የራሱ ማተሚያ አለው። ማሽኑ በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? ይህንን ጠይቄሽ መልሰሽልኝ አታውቂም።

ቃዲው ፊት ስንቀርብ ሁለት እጁ የኔ፣ አንድ እጁ ያንቺ እንዲሆን ራስሽ ተስማምተሻል። አሁን «አልፈርምም» ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር። የመርካቶው ሱቄ ተዘግቷል። ከረመዳን በፊት ነው የተዘጋው። አባባ ሳይሰሙ ቢሄዱ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የምናገርበት አፍ አጣሁ። ሸይማ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋ ናት። አሁንም ካልፈረምሽ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ወንድምሽ ሳላዲን


አርባምንጭ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳላ፣

መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። በስልክ እንደዚያ ስትጮህብኝ «ሱቄ ተዘጋ» የምትል ሁለት ቃል አንድ ቀን ከአፍህ ብትወጣ ምን ነበረበት? አባባስ ቢሰሙ ምን ይሉህ ነበር? «ና፣ ቦታህ አለ» ነበር የሚሉህ። ለወንድሜ ሚስትና ልጆች መግቢያ ያጣሁ እህት አይደለሁም። ሸይማን ደውዬ አውርቻታለሁ። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያናዘዝኳት።

እንግዲህ ስማኝ። ቤቱን ሽጠው። አዎ፣ እኔ ዙሁራ ነኝ ይህንን የምጽፈው፣ ሌላ ሰው አይደለም። ውክልናውን ፈርሜ እዚሁ ውስጥ አጥፌ ልኬልሃለሁ። ሁለቱ እጅ ቤቱና ቦታው ይሁን፣ ውሰደው፣ ልጆችህን ሰብስብበት፣ ሐላልህ ነው። የኔ አንድ እጅ ማሽኑ ነው፣ ከነፊደሉ፣ ከነሰሌዳው፣ ከነስሙ። አንተ በስልክ ቁርጥራጭ ብረት ነው ብለሃል አይደል? እንግዲያው እህቴ ቁርጥራጭ ብረት ወረሰች ብለህ ጻፍልኝና ፈርምበት።

በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል ላልከኝ፣ ደብቄህ ነበር፣ አሁን ልንገርህ። አንዳንድ ሳምንት ሁለት ቀን። አንዳንዴም ምንም። ግን ባለፈው ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ሲውል ሲያድር፣ የነዚያ የባለኮምፒውተሮቹ ቤት ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ቁጭ አለ። ከላንቴ የመጡ የሙዝ ነጋዴዎች ደረሰኝ አልቆባቸው መኪናቸው ተጭኖ ቆሟል። ገነነ ፔዳሉን ረገጠው፣ ልጄ ሉብና ወረቀት አቀበለች፣ እኔ ጠረዝኩ፣ ከሰዓት በፊት ደረሰኛቸውን ይዘው ሄዱ። አንደኛው ነጋዴ «ይሄ ነገር ናፍጣ ነው የሚጠጣው?» ቢል ገነነ «ቆጮ ነው የሚበላው» አለው፣ የራሱን ሆድ እየመታ።

ሉብናን ደግሞ አታውቃትም። ኮምፒውተር ላይ ታቀናብራለች፣ ማሽኑ ላይም ትቆማለች። ሁለቱንም አልፈራችም። እኔ መጥረጊያ አላስያዝኳትም።

መምህር ተክለጻድቅም ሰላም ብለውሃል፣ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩህ። አሁንም ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከመታተሙ በፊት እርማቱን ያነቡልኛል። ማሽኑ ይሸጣል ሲባል ሰምተው ምን አሉ መሰለህ? «ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ማሽኑ አይደለም።»

እሺ ወይም እምቢ ብለህ ጻፍልኝ። መጮህ ከፈለግክም በወረቀት ጩህ።

ዙሁራ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላህ ይስጥልኝ። እሺ ብያለሁ፣ ወረቀቱም እንዳልሽው ተፈርሟል፣ ማሽኑ ያንቺ ነው።

ግን እንዳትጎጂ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። አቶ ክብሩ ቤቱን የሚረከበው በጥር መጨረሻ ነው። ግድግዳው እንዳይነካ፣ በሩም እንዳይሰፋ አጥብቆ ተናግሯል፣ የድሮ መልኩን ነው የወደደው። ቁልፍ በሚረከብበት ቀን ቤት ውስጥ የተገኘ ነገር ከቤቱ ጋር ይሄዳል ብሏል። እኔም እሺ ብዬ ፈረምኩ። ሌላ ገዢ የለኝማ።

በሩን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ማሽኑ ቢፈታታም ዋናው አካሉ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ አይወጣም። ይህንን ስትመርጪ አውቀሽ ነው ወይስ በእልህ? እባክሽ ገንዘብ ላምጣና ድርሻሽን በሌላ ልካስሽ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ነገር ይዘሽ አትሙቺ።

ሳላዲን


አርባምንጭ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳላ፣

አጭር ስለሆነ ይቅርታ፣ እጄ ዝሏል። እሑድ ሙሉ ቀን አሳ ስጠብስ ውያለሁ።

ቁልፉን ለአቶ ክብሩ በእጁ አስረክቤዋለሁ። ግድግዳው ላይ ጭረት የለም። በሩ እንደነበረ ነው፣ እንዲያውም ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ወለሉን በውሃ አጥቤያለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የጠረግኩት ወለል ነው፣ ተሰናበትኩት። ሰውዬው አንዴ ወለሉን፣ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን ያያል። «ጎደለ የሚሉት ግድግዳ አለ?» አልኩት። የለም አለ። «እንግዲያው ደህና ይግቡ» ብዬው ወጣሁ።

ልጆችህን ሳምልኝ። ሌላውን ሌላ ጊዜ።

ዙሁራ


አርባምንጭ፣ ሴቻ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሳላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም ሉብናም ደህና ነን፣ የገነነ ትከሻ ብቻ ገና እንዳበጠ ነው። ሸይማና ልጆቹ ቤት መመለሳቸውን ሰምቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ።

በደብዳቤ ጠየቅከኝ፣ በሸይማ አስጠየቅከኝ፣ አቶ ክብሩንም ደውለህ አስጨነቅከው አሉ። «በየት ወጣ?» ነው ጥያቄህ። ልንገርህ፣ በኋላ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግርህ።

ያ «ግድግዳ አይነካ፣ በር አይስፋ» ያልክበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ለገነነና ለመምህር ተክለጻድቅ አነበብኩላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው «አበቃ» አሉ። እኔ ደግሞ አልዋሽህም፣ ተስፋ ቆረጥኩ። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። አያታችን ሌባውንም ቀማኛውንም ለመከልከል ያጠበቡት በር እኔኑ ከለከለኝ። ሳላ እንዳለው በእልህ ነው የመረጥኩት ማለት ነው እያልኩ ራሴን ስረግም፣ ገነነ ጎመን በዳጣ እያጠቀሰ ምሳውን ይበላል። ከዚያ ወደ ላይ አየ።

«እትዬ ዙሁራ፣ ስለ ጣሪያው ምን ብሏል?»

ደብዳቤህን ገልብጬ አየሁት። ስለ ጣሪያ የተባለ ነገር የለም።

«እኛ አገር ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላው ቤቱን እናፈርሳለን እንዴ?» አለ። «ጎረቤት ይጠራል፣ ቤቱን ከነቁመናው ያነሱታል፣ ሌላ ቦታ ወስደው ያስቀምጡታል። አያቴን ከነቤታቸው ሲያነሷቸው ውስጥ ተቀምጠው ‹ቀስ በሉ፣ ወተቴ እንዳይደፋ› ይሉ ነበር። ቤት የምናነሳ ሰዎች ቆርቆሮ ልትከብደን?»

መምህር ተክለጻድቅ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ገነነ፣ ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው?» አሉት።

«መምህር፣ ጣሪያውን መልሰን እንከድነዋለን። ጠዋት ነበር፣ ማታም አለ። ምን ጎደለ ይባላል?»

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁትም ማለት ይቻላል። እሑድ ጠዋት የገነነ ዘመዶች ከዶርዜ ወረዱ፣ ሽማግሌም ጎረምሳም። ብዛታቸውን አትጠይቀኝ፣ መንገዱ ሞልቶ ባጃጅ ማለፊያ አጥቶ ነበር። የጣሪያውን ቆርቆሮ ገለጡ፣ ከጋራዥ ሞተር የሚያነሱበትን ሰንሰለት ለምነው አመጡ፣ ባሕር ዛፍ አቆሙ። እኔ ጓሮ ሆኜ አሳ እጠብሳለሁ። ሥጋ እንዳላቀርብ እኛ ያረድነውን እነሱ፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላ። አሳ ግን ማን አረደኝ ብሎ አይጠይቅም፣ ለሁሉም ይሆናል። እንጨቱ ሲጮህ፣ ሰው «ያዝ! ያዝ! ልቀቅ!» ሲል እየሰማሁ ዓይኔን አላነሳሁም። አንዴ ብቻ ሁሉም ዝም አለ። ያን ጊዜ ማገላበጡን ረስቼ አሳው አረረ። ቀና ስል፣ ያ ማሽን፣ አብዮቱ አንድ ጣት ያላነቃነቀው፣ ከግድግዳው በላይ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል። ሉብና በስልኳ እየቀረጸች ታለቅሳለች። መምህር ተክለጻድቅ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል፣ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀል ይመስል።

ማታ ሳይመሽ ጣሪያው ሚስማር በሚስማር ቦታው ተመለሰ። ሁለት ቆርቆሮ ያረጀ ስለነበር በአዲስ ለወጥነው። አቶ ክብሩ ጣሪያው ማፍሰሱን እንዳቆመ ሲያውቅ ምርቃቱን ለማን እንደሚልክ አላውቅም።

ማሽኑን ወደ ሴቻ፣ ወደ ቤቴ ጓሮ አመጣነው። ዳገቱን በጭነት መኪና ነው የወጣው፣ እዚህ ግቢ ግን በትከሻ ገባ። ከመኪናው ሲያወርዱት አንድ ሽማግሌ ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱና በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ገነነ ሲያስረዳኝ፣ «አባቴ ከጨንቻ ሲያወርደው ትከሻው ላይ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር፣ የኔ ደግሞ ነገ ይታያል» ነው ያሉት አለኝ። የምሰጣቸውን ገንዘብ አንቀበልም አሉ። የሰፈራቸው ዕድር ካርድ አልቆበት ኖሮ እሱን አትሚልን አሉኝ። ማሽኑ ማንጎ ዛፍ ሥር ላስቲክ ለብሶ ቆሞ የመጀመሪያ ሥራው እሱ ሆነ፣ ጣሪያ ሳይኖረው፣ ግድግዳ ሳይኖረው።

ሁለተኛው ደንበኛዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ክብሩ። ወላሂ ነው የምልህ። ለፔንሲዮኑ ደረሰኝ ፈልጎ በር አንኳኳ። ማንጎው ሥር ቆሞ ማሽኑን አየ፣ ወደ ላይ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው። «ወይዘሮ ዙሁራ፣ ጣሪያ ብዬ መጨመር ነበረብኝ» አለ። «አዎ፣ ውሉን እኛ ጋ ቢያሳትሙት መምህር ተክለጻድቅ ያርሙልዎት ነበር። ተራ ይያዙ፣ ከፊትዎ የዕድር ሥራ አለ» አልኩት። ተራ ያዘ።

ሰሌዳውን ሴቻ በራፌ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እሱን አልነካሁትም፣ አያታችን በእጃቸው የሳሉት ነው። የዚህን ወረቀት ራስጌ ግን እየው። ፊደሉን ራሴ ነኝ የደረደርኩት። «ሐጂ ሙህሲንና ልጆቹ ማተሚያ ቤት» ይላል። አንዲት ቃል ቀንሻለሁ፣ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ። ቅር ካለህ በሚቀጥለው አውቶቡስ ና፣ ፊት ለፊት እንጣላ። ሥራም አለ። አባባ ካስተማሩህ ውስጥ እግርህ ፔዳሉን የረሳው አይመስለኝም።

አሁን ግድግዳው በመሠራት ላይ ነው። እንዳያታችን፣ ማሽኑ ካረፈ በኋላ፣ በዙሪያው። ትናንት አናጢው መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ በሩን ሰፋ ላድርገው?»

«አንድ ሰው ከነወረቀቱ ካለፈበት ይበቃል» አልኩት።

ገነነ ሳቀ። ሉብና ግን አልሳቀችም። ወደ ላይ ቀና ብላ ገና ያልተከደነውን እንጨት ስታይ ቆየችና ወደ አናጢው ዞረች።

«ጣሪያውን በሚስማር አትምታው» አለችው። «በሚፈታ ብሎን እሰረው።»

እህትህ ዙሁራ ሙደሲር